ክሉትሲስ ጠባቂ፣ አሽቃባጭ ወይስ ሰለባ? ስለ ላትቪያ ወታደር ሠዓሊዎች

ጥያቄው፦ «በአንድ የኤግዚቢሽን ካታሎግ የጉስታቭ ክሉትሲስን ፖስተር አየሁ። አንዱ መግለጫ የሶቪየት ሠዓሊ ይለዋል፣ ሌላው ላትቪያዊ። የሞተው አንድ ቦታ በ1938፣ ሌላ ቦታ በ1944 ነው። ወታደር ነበር ሲባልም ሰምቻለሁ። ይህ ሰው የሌኒን ጠባቂ ነው፣ የስታሊን አሽቃባጭ ነው ወይስ የስታሊን ሰለባ? የትኛውን ልመን?»

ምላሽ፦

ሦስቱንም ነበር፤ ያውም እርስዎ በጠየቁበት ቅደም ተከተል። መግለጫዎቹ የተምታቱብዎት ግን ሰውየው ስለተወሳሰበ ብቻ አይደለም። ከአንድ ጦር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት የሥዕል ታሪክ ወጥቷል፤ የመጣው መንግሥት ሁሉ አንዱን እያነሳ ሌሎቹን ሲያስቀምጥ ኖሯል። ስለዚህ ከሰውየው በፊት ጦሩን ማወቅ ይሻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የላትቪያ ተኳሾች በ1915 አጋማሽ ተቋቋሙ። በራሳቸው ቋንቋ «ስትሬልኒየኪ» ይባላሉ፤ ተኳሾች ማለት ነው። የጀርመን ጦር የላትቪያን ምዕራባዊ ክፍል ኩርዜሜን ይዞ ወደ ዋና ከተማዋ ሪጋ ሲጠጋ፣ በግዛቱ ያሉ ሕዝቦች የየራሳቸውን ጦር እንዲያቆሙ የማይወደው የዛር መንግሥት እያቅማማ ፈቀደ። ስምንት ሻለቆች ተመሠረቱ፣ ኋላም ወደ ሬጅመንት አደጉ። አዛዡም ተራው ወታደርም ላትቪያዊ ነበር።

ስለ እነሱ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በቀን ነው። የሩሲያ ግዛት እስከ 1918 መጀመሪያ የሚቆጥረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ በዚያ ዘመን ከጎርጎርዮሱ 13 ቀን ወደኋላ ይቀራል። ትልቁ ውጊያቸው በአንዱ መጽሐፍ ዲሴምበር 23 ቀን 1916፣ በሌላው ጃንዋሪ 5 ቀን 1917 ተጀመረ ይላል። ሁለቱም አንድ ቀን ነው። የእኛ አንባቢ ይህን ከማንም ቶሎ ይረዳዋል፦ ዕለቱ ታኅሣሥ 27 ነው፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው። ውጊያውም «የገና ውጊያ» ተብሎ ቀረ። ጀርመኖቹ የራሳቸውን ገና አክብረው ጨርሰዋል፤ ማዶ ያለው ጦር ደግሞ በገናው ዋዜማ ይነሳል ብለው አልጠረጠሩም። ተኳሾቹ ቲሬሊስ በሚባለው ረግረግ በኩል፣ በበረዶና በጨለማ፣ አንድም መድፍ ቀድሞ ሳይተኮስ የሽቦውን አጥር በመቁረጫ እየቆረጡ ገቡ። ረግረግ ምሽግ አያስቆፍርምና ጀርመኖቹ ከግንድና ከአሸዋ ግንብ ሠርተው ነበር፤ ግንቡ ተሰበረ። ከጎን መደገፍ ከነበረባቸው የሳይቤሪያ ሬጅመንቶች አንዳንዶቹ አንዋጋም አሉ፣ ተጨማሪ ጦርም በሰዓቱ አልደረሰም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ረገፈ፤ በለውጡ የተገኘው መሬት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ይህን ሳያውቁ ቀጣዩ አይገባም። ተኳሾቹ በ1917 በብዛት ወደ ቦልሼቪክ የዞሩት ማርክስን አንብበው ስለጨረሱ አይደለም። የዛር ጄኔራሎች በከንቱ አስጨረሱን የሚል ቁጣ ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም የጀርመን ባላባት መሬት ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ልጆች ነበሩ። የሌኒን መንግሥት በማርች 1918 ከፔትሮግራድ (ከዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ወደ ሞስኮ ሲዛወር አብረውት ሄዱ፤ 9ኛው የላትቪያ ሬጅመንትም የክሬምሊን ጠባቂ ሆነ። አዛዣቸው ዩኩምስ ቫጺየቲስ በዚያው ዓመት የቀይ ጦር የመጀመሪያው ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ሁሉም ግን ቀይ አልሆኑም። ከእነሱው መካከል ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ለነጻዪቱ ላትቪያ የተዋጉ አሉ፣ በሳይቤሪያም ቦልሼቪኮችን በሚወጉት፣ «ነጮች» በሚባሉት ወገን የተሰለፈ የላትቪያ ጦር ነበር። «ቀይ ተኳሾች» የሚለው ቅጽል ኋላ ለሁሉም በጅምላ የተለጠፈ ነው።

ወደ ሠዓሊዎቹ እንምጣ። ክሉትሲስ በ1895 በሰሜን ላትቪያ በሩዪየና አካባቢ ተወለደ፤ በሪጋ፣ ኋላም በፔትሮግራድ ሥዕል ተማረ፤ ዘምቶም ከ9ኛው ሬጅመንት ጋር ክሬምሊን ገባ። እዚያ ለተኳሾቹ የሥዕል ስቱዲዮ ነበር። ጠባቂው ተራው ሲያልቅ ጠመንጃውን አስቀምጦ እርሳስ ያነሳል ማለት ነው፤ ከዚያ ወቅት የቀሩ የወታደር ንድፎች አሉት። ቀጥሎ በመንግሥት ነጻ የሥዕል አውደ ጥናቶች ከአዲሱ የሥዕል ፈለግ መሪዎች ከማሌቪችና ከፔቭስነር ሥር ተማረ። በ1919 ገደማ የጀመረው «ዲናሚክ ከተማ» የዚህ ፍሬ ነው፦ በክብ ላይ የሚንሳፈፉ ጠርዛማ ሕንፃዎች፣ ከላይም ከታችም ከጎንም ቢያዩት የሚቆም ምስል። በቀለም የተሠራው ቅጂ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ ተቀላቅሏል፤ ሕንፃው በቀለም ብቻ እንዲቀር አልፈለገም። በፎቶሞንታዥ፣ ማለትም ፎቶዎችን ቆርጦ በመገጣጠም፣ የተሠራውን ቅጂ ሲያዩ ደግሞ ከጋዜጣ የተቆረጡ ሠራተኞችን ይፈልጉ፤ እያንዳንዱ በተለያየ አቅጣጫ ቆሟል፣ የአንዱ መሬት ለሌላው ግድግዳ ነው።

አብሮት የነበረው ካርሊስ ዮሃንሶንስ ከሁሉም የተረሳው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚደንቀው እሱ ነው። በ1890 በጼሲስ ከተማ ተወለደ። በ1921 ሞስኮ ውስጥ የግንባታ ሥዕል ወጣቶች ባሳዩት ኤግዚቢሽን ላይ ራሳቸውን በውጥረት የሚያቆሙ ቅርጾች አቀረበ። አንዱ ሥራው ሦስት ዘንግ፣ ዘንጎቹን የሚያያይዙ ሰባት የተወጠሩ ገመዶችና አንድ ስምንተኛ ልል ገመድ ነው። ስምንተኛውን ሲስቡት ቅርጹ ሳይፈርስ ይለወጣል። እቤት መሞከር ይቻላል፤ እኩል ርዝመት ያላቸው ሦስት እንጨቶችና የማይለጠጥ ሲባጎ ይበቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዱ ገመድ ከሌሎቹ ሲላላ ነው፣ ያን ጊዜ ውጥረቱ ይጠፋና ሦስቱም ዘንጎች ይዘረጋሉ። የሚለጠጥ ክር ከተጠቀሙ ደግሞ ቅርጹ ይቆማል ግን ይወዛወዛል። ዋናዎቹ ሥራዎች ጠፍተዋል፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የሚታዩት ከኤግዚቢሽኑ ፎቶዎች ተነስተው እንደገና የተሠሩ ናቸው። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ይህን የመሰለ አሠራር እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ ዮሃንሶንስን የጠቀሰ አልነበረም። በ1929 ስለሞተ በ1938 በጓደኞቹ ላይ ከወረደውና ከታች ከምነግርዎ መከራ አምልጧል፤ ፎቶዎቹ ባይቀሩ ኖሮ ከነስሙ በጠፋ ነበር።

ሦስተኛው አሌክሳንድርስ ድሬቪንሽ ነው፤ በ1889 እንደ ዮሃንሶንስ በጼሲስ የተወለደ፣ መልክዓ ምድርን በወፍራም ቀለም የሚሥል። ባለቤቱ ናዴዥዳ ኡዳልጾቫም ስመ ጥር ሠዓሊ ነበረች።

ወደ ሪጋ የሚወስደው መንገድ ሌላ ነው። ያዜፕስ ግሮስቫልድስ ሙኒክና ፓሪስ የተማረ የሪጋ ልጅ ነው፤ ከተኳሾቹ ጋር ዘምቶ የሣላቸው ወታደሮች መፈክር የላቸውም። ብርድ የበላቸው፣ ካፖርታቸው የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። ጋሪያቸውን እየጎተቱ የሚሰደዱ ገበሬዎችንም ሣለ። ኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ ፋርስ ሄዶ ብዙ ሥራ ይዞ ተመለሰ፣ በ1920 መጀመሪያ በፓሪስ በስፓኒሽ ፍሉ ሞተ። ገና 28 ዓመቱ ነበር። የላትቪያ ዘመናዊ ሥዕል ታሪክ የሚጀምረው ከእሱና ከትውልዱ ነው።

ስም እንዴት እንደሚወሰን ለማየት ግን ከሁሉም የሚሻለው ወታደር ያልነበረ ሰው ነው። ቀራጺው ካርሊስ ዛሌ ከአብዮቱ በኋላ በፔትሮግራድ ለሌኒን የሐውልት ዘመቻ ሠርቷል፤ የጋሪባልዲን ሐውልት በ1919 ያቆመው እሱ ነው። ከዚያ በበርሊን በኩል ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በሪጋ የተኳሾቹ የወንድሞች መቃብር ቅርጾችና በ1935 የተመረቀው የነጻነት ሐውልት የእሱ እጅ ናቸው። በሀገሩ ዛሌን «ቀይ» የሚለው የለም። ክሉትሲስም ዛሌም በ1919 የሠሩት ለአንድ ጌታ ነበር፤ ልዩነቱ አንደኛው መመለሱ፣ ሌላኛው መቅረቱ ነው። ስለ «ብሔራዊ ሠዓሊ» የሚጻፉ መግለጫዎችን ሲያነቡ ይህን አይርሱ።

አሁን ወደ ካታሎግዎ። ከ1928 በኋላ የክሉትሲስ ዋና መሣሪያ የፎቶ ፖስተር ነው። የ1930ውን «ታላላቅ ሥራዎችን የያዘውን ዕቅድ እንፈጽማለን» የሚለውን ይውሰዱ። ወደ 120 በ85 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወረቀት ነው፤ ከታች ወደ ላይ አንድ ግዙፍ መዳፍ ይነሳል፣ በውስጡ ሌሎች እጆች ተደርድረዋል። ትልቁ መዳፍ የክሉትሲስ የራሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እጁን ፎቶ ያነሳል፤ ከአንዱ ኔጋቲቭ በማጉያ እየለካ በተለያየ መጠን ያትማል፤ በመቀስ ዙሪያውን ይቆርጣል፤ በካርቶን ላይ ይደረድራል፣ ይለጥፋል፤ የተቆረጠውን ጠርዝ ጉዋሽ በሚባል ድፍን የውሃ ቀለም ይሸፍናል፤ ጽሑፉን ያስገባል፤ በመጨረሻም ሁሉንም እንደ አንድ ሥዕል እንደገና ፎቶ ያነሳውና ለማተሚያ ቤት ይልከዋል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ብርሃኑ ለአንዱ እጅ ከግራ፣ ለሌላው ከቀኝ ከመጣ ዓይን ወዲያው ይነቃል፤ ከአንድ ኔጋቲቭ ደጋግሞ ማተሙ ይህን ችግር ያስቀርለታል። ሁለተኛው፣ ትንሽ ፎቶ ሲጎላ ቅንጣቱ ይሻክርና ከጎኑ ካለው ለስላሳ ፎቶ ጋር ይጋጫል። ያንን ደግሞ ወጥ በሆነ ቀይ ቀለም መሐላቸውን በመለየት ይወጣዋል። የፖስተሮቹ ቀይ መስክ ርዕዮተ ዓለም ብቻ አይደለም፣ የመቀስ ስህተትም መደበቂያ ነው። (አብዮት አደባባይ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ተሰቅለው ያየ ሰው ቀዩ መደብ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባዋል።)

«አሽቃባጭ» ለሚለው ፖስተሮቹን በዓመት ይደርድሯቸው። በ1930 «በሌኒን ሰንደቅ ሥር» በሚለው ላይ የስታሊን ፊት ከሌኒን ጀርባ ይታያል። በ1931 በወታደር ካፖርት ከማዕድን ሠራተኞች ጋር በአንድ ሰልፍ ይራመዳል። ወደ 1930ዎቹ አጋማሽ ሲሄዱ ሠራተኞቹ ያንሳሉ፣ እሱ ይገዝፋል። ክሉትሲስ ይህን ያደረገው ተገዶ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። እስከ 1931 ድረስ ያለው ሥራ ጉልበትና እምነት ያለው ሰው ሥራ ነው። በማርች 1931 የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በፖስተር ላይ ባወጣው ውሳኔ የኅትመቱ ቁጥጥር ጠበቀ፤ ፎቶሞንታዥም በፎርማሊዝም፣ ማለትም ከይዘት ይልቅ ቅርጽን በማስቀደም፣ ይከሰስ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሥራዎች ስመለከት ግን ፍርሃቱ ይታየኛል፤ ማዕዘኑ ይለሰልሳል፣ ምስሉ ወደ ፊት ለፊት ይዞራል። በዓይን የሚለይ ነገር ስለሆነ እርስዎም ይሞክሩት።

ታማኝነቱ ግን አላዳነውም። በኖቬምበር 30 ቀን 1937 የሶቪየት የምስጢር ፖሊስ ኤንካቬዴ በላትቪያውያን ላይ የሀገር አቀፍ ዘመቻ ትእዛዝ አወጣ። መለኪያው ዘር ነበር እንጂ ሥዕል አይደለም። 22,360 ሰዎች ተፈረደባቸው፣ 16,573ቱ ተረሸኑ። ክሉትሲስና ድሬቪንሽ ጃንዋሪ 17 ቀን 1938 ተያዙ፤ ሁለቱም ፌብሩዋሪ 26 ቀን በሞስኮ ዳርቻ በቡቶቮ ተገደሉ። ቫጺየቲስም በዚያው ዓመት ጁላይ ተረሸነ። የድሬቪንሽን ቤት ሊፈትሹ ሲመጡ ኡዳልጾቫ ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው አለች። ዛሬ ድሬቪንሽ የሚባል ሠዓሊ የምናውቀው በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

1944 የሚለው ቀን ከየት መጣ ለሚለው፦ በመጀመሪያ ለቤተሰቦች «ደብዳቤ መጻጻፍ የተከለከለበት አሥር ዓመት እስር» ይባሉ ነበር። አሥሩ ዓመት ሲያልፍ ሌላ ውሸት አስፈለገ። በ1955 የወጣ የኬጂቢ ሚስጥራዊ መመሪያ የተረሸነው ሰው ከተያዘ በአሥር ዓመት ውስጥ በሚወድቅ የፈጠራ ቀን፣ በሕመም ሞተ ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዘ። ክሉትሲስ በ1956 ከክሱ ነጻ ሲባል ባለቤቱ ቫለንቲና ኩላጊና በ1944 በልብ ድካም ሞተ ተባለች። እውነተኛው ቀን የወጣው በ1989 ነው። ስለዚህ በ1937 ወይም በ1938 የተያዘ ሰው በ1939 እና በ1948 መካከል «በልብ ድካም» ወይም «በሳንባ ምች» ሞተ የሚል ካገኙ፣ ሌላ ማስረጃ እስኪያገኙ ድረስ አይቀበሉት። መጽሐፉ ከ1989 በፊት የታተመ ከሆነማ ጨርሶ አይጥቀሱት።

ከ1956 በኋላ ክሉትሲስ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ተመርጦ ነው። ኩላጊና ደብቃ ያቆየቻቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሪጋ ባለው የሀገሪቱ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። የሶቪየቷ ሪጋ የፈለገችው ግን ቀይ ተኳሹን፣ ሌኒንን የጠበቀውን ወታደር ነበር። ሌኒን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ተሸክሞ የሚራመድበት የ1920 ሥራው ይታያል፣ የስታሊኖቹ ይቀመጣሉ፣ የሞቱ ነገር በ«አረፈ» ይታለፋል። ምዕራባውያን ደግሞ በተገላቢጦሽ «ዲናሚክ ከተማ»ን አነሱ። ሰብሳቢው ጆርጅ ኮስታኪስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሞስኮ ሲወጣ ይዟቸው ከወጣው ሥራዎች መካከል የቀለሙ ቅጂ አለ፤ አሁን ግሪክ ተሰሎንቄ ነው። እዚያ ክሉትሲስ ሕልም ያየ የዘመናዊነት ፈር ቀዳጅ ነው፣ ፖስተሮቹ እንደ ኋላ ውድቀት ይታያሉ። ነጻዪቱ ላትቪያ ከ1991 ወዲህ «የእኛ ታላቅ ሠዓሊ» በሚለውና «የወራሪው ፕሮፓጋንዳ ሠሪ» በሚለው መካከል እስከ ዛሬ ትከራከራለች።

ካታሎግዎን ሲፈትሹ ሦስት ነገር ይጠቅማል። መጀመሪያ ስሙ። በላትቪያ ቋንቋ የወንድ ስም አብዛኛውን ጊዜ «ስ» ወይም «ሽ» ላይ ያልቃል፣ ሩሲያኛ ብዙ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ድሬቪንሽና ድሬቪን አንድ ሰው ናቸው። ሩሲያኛ «ሀ»ን በ«ገ» ስለሚተካ ዮሃንሶንስ «ዮጋንሶን» ይሆናል። በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ያጣል። ሁለተኛ፣ ከፖስተሩ ግርጌ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ፦ አሳታሚው፣ ከተማው፣ ዓመቱ፣ የቅጂው ብዛት፣ ዋጋው በኮፔክና የሳንሱር ቁጥሩ እዚያ ናቸው። ጠርዙ ከተቆረጠ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ካታሎግ «1930 ገደማ» ሲል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሦስተኛ፣ ክሉትሲስ አንዱን ንድፍ በብዙ ቅጂ ይሠራ ስለነበር ሁለት ምስል ቢለያይ አንዱ ሐሰተኛ ነው ብለው አይቸኩሉ። እጆቹን ይቁጠሩ፣ ጽሑፉ የቆመበትንም ቦታ ያወዳድሩ።

ለመግለጫው እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦ «ጉስታቭ ክሉትሲስ፣ ሩዪየና 1895 – ቡቶቮ 1938፤ ላትቪያዊ፣ በሞስኮ የሠራ።» «ላትቪያዊ» የሚለው ማወደሻ አይደለም፤ የተገደለበት ምክንያት ነው።

ሪጋ ከሄዱ ደግሞ በዳውጋቫ ወንዝ አጠገብ ከቀይ ግራናይት የተቀረጹ ሦስት ወታደሮች ያገኛሉ፤ በ1971 የቆመው የቀይ ተኳሾች ሐውልት ነው። ሌሎች የሶቪየት ሐውልቶች ሲፈርሱ እሱ ቀረ፣ ከስሙ ላይ ግን «ቀይ» የምትለው ቃል ተነስታለች። ከጎኑ ያለው ጥቁር ሕንፃ የቀይ ተኳሾች መታሰቢያ ሙዚየም ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ ከ1993 ጀምሮ የወረራ ዘመን ሙዚየም ነው።